በሀዋ ግቢ የታዩት ሁለት መስመሮች

ሊድስ፣ መስከረም 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ወንድም፣ ከአባቴም ወዲህ አባት ለሆኑኝ ለጋሽ ፍቅሬ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ?

ይህን ጥያቄ በየደብዳቤው አናት ላይ ስጽፈው ኖሬያለሁ። እርስዎም በየደብዳቤው አናት ላይ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ሲሉኝ ኖረዋል። ዛሬ የምጠይቀው ግን ለወጉ አይደለም። ስለዚህ እንደገና ልጻፈው። ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ?

በስልክ እንዳልጠይቅዎ የአከራይዎ የሀዋ ግቢ ሰው ሁሉ ስልኩን ከብቦ ይሰማል። ባለፈው ጊዜ «ይመኙሻል ሰላም ትልሻለች፣ ክብሮምም፣ ኦመርም፣ ፍየሏም» ብለው ሳይጨርሱ ሂሳቤ አለቀ። ወረቀት ይሻላል። እዚህ ያለው ወዳጃችን ፍስሐ ወደ ካርቱም እየመጣ ነው፤ ይህን በእሱ እጅ እልካለሁ። አማርኛዬን ይቅር ይበሉኝ። ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ያደገ ሰው አማርኛ እንደዚያው ባጃጅ፣ እንደ ራክሻ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ ግን ይደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምነዳው አውቶቡስ ላይ በየማለዳው የሚሳፈሩ አንዲት አሮጊት አሉ። ሰሞኑን ፖስታ በእጃቸው ይዘው አየኋቸውና «ዛሬስ ወዴት ነው?» አልኳቸው። «ሰገራዬን ልልክ» አሉኝ። ወላሂ ጋሼ! ፍሬን ረገጥኩ። ተሳፋሪው በእኔ ሳቀ እንጂ በእሳቸው የሳቀ የለም። እዚህ አገር ስልሳ ዓመት ለሞላው ሰው ሁሉ ትንሽ ዕቃ በፖስታ ይመጣለታል። ቤቱ ሆኖ ከሰገራው በእንጨት ጫፍ ቆንጥሮ ይመልሳል። ዐይን የማያየው ደም ካለበት ይነግሩታል። ደሙ የአንጀት ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ብዙው ይድናል ይላሉ።

እኔም በማግሥቱ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። «አባትሽ በምን ሞተ?» አለችኝ። «በኪንታሮት» አልኳት። መጻፏን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። «በኪንታሮት ሰው አይሞትም» አለችኝ።

አባቴ ደም እያየ «ኪንታሮት ነው፣ ይለቃል» ይል ነበር። እናቴም እንደዚያው ትል ነበር። እርስዎም። እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ።

የእርስዎ በፖስታ እዚህ ድረስ ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ መልሱን እዚያው የሚያሳየውን ዓይነት ከፋርማሲ ገዛሁ። በጥቅሉ ውስጥ ከላኩልዎ ካልሲዎች ሥር ነው። አሠራሩን በአማርኛ ጽፌ አብሬ አስቀምጫለሁ። አንድ መስመር ከወጣ መልካም። ሁለት ከወጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ሙቀት አይወድም፤ ከውሃ ማሰሮው ከዚሩ አጠገብ ጥላ ውስጥ ያኑሩት። የካርቱም ሐሩር ሳይመለስ ያድርጉት፣ ኢንሻላህ።

ልጅዎ ዮሳቤጥ


ካርቱም፣ ሳጃና፣ ኅዳር 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮሳቤጥ ተሰማ፤ የነካሽው ይባረክ፣ መንገድሽ ቀይ መብራት አይብዛበት።

ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ፍስሐ ጥቅሉን ያመጣው ዓርብ ከሰዓት፣ ግቢው ሙሉ ሰው ሳለ ነው። የሀዋን ሕግ ታውቂያለሽ፤ ከውጭ የመጣ ጥቅል ግቢው መካከል ይከፈታል። ብቻውን የከፈተ ተከራይ ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው የለም። ሀዋ ራሷ ቢላዋ አመጣች። ካልሲዎቹ ወጡ፤ ባሏ ኦመር አንዱን ጥንድ እዚያው አጠለቀ፣ በዚያው ራክሻውን ሊነዳ ሄደ። ብዕሮቹ ወጡ። ከዚያ ያ ሳጥን ወጣ።

«ይሄስ ምንድነው፣ ያ ኡስታዝ?» አለች ሀዋ፤ መምህርነቴን ይዛ እንዲህ ነው የምትጠራኝ።

ትንሽ ጠርሙስ አለበት፤ አፉ የሚያንጠባጥብ። «የዐይን መድኃኒት ነው» አልኩ። ከአፌ ወጣ።

«ማሽአላህ! እኔም ዐይኔን ያሳክከኛል። አንድ ጠብታ ብቻ።»

«አይሆንም።»

«አንድ ጠብታ ነው እኮ ያልኩት!»

«ለወንድ ዐይን ብቻ ነው።»

ይመኙሻል ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ሀዋ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ስትሰጠኝ ስኳሩን ትቀንሳለች። ስጠይቃት «ስኳሩ ለሴት ብቻ ነው» ትለኛለች።

መመሪያሽን አነበብኩት። እኛ «ዐይነ ምድር» እንኳ ስንል ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው፤ አንቺ በትልልቁ ጽፈሽዋል። ምንም አይሰማኝም፣ ዮሲ። ምንም አላየሁም። የማይታይ ነገር ፍለጋ የሽማግሌ ሥራ አይመስለኝም። እኛ የማይታየውን ትተነው ነው እዚህ ዕድሜ የደረስነው።

ስለ ወንድሜ ስለ ተሰማ የጻፍሽውን

(ዚሩ ያንጠባጥባል። ከሥሩ ያለው ሳህን ሲሞላ ድምፁ ይለወጣል። ይህን ሳዳምጥ ቆየሁ፤ ከላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር ግን አልጨረስኩትም። እንዲሁ ይቆይ።)

ዐማራት ሰፈር ባለው ቢሮ የትርጉም ሥራ ተከምሮብኛል። በሚመጣ ሰው የንባብ መነጽር ላኪልኝ። ፊደሎቹ እየደቀቁ ነው።

አጎትሽ ፍቅሬ


ሊድስ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሽ ፍቅሬ፣ ሰላምታዬ ከነጭና ከጥቁር ዐባይ መገናኛ ስፋት ይብለጥ፤

«ለወንድ ዐይን ብቻ» የሚለውን ያነበብኩት ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው። ተሳፋሪዎቹ አብጄ መስሏቸዋል።

መነጽሩን ልኬያለሁ፣ ከነበረው ሁሉ ጠንካራውን። ከእንግዲህ መመሪያው አልታየኝም እንዳይሉ።

ጋሼ፣ ትንሽ ሳለሁ ጀብራ ቤታችን መጥተው ያሳዩኝን ያስታውሳሉ? ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ከርከዴ፣ በብርጭቆ ቀዱ። ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት ይበልጥ ቀላ። ሌላው ላይ የዳቦ ሶዳ ሲነሰንሱበት ሰማያዊ ሆነ። አስማት ነው ብዬ ጮህኩ። እርስዎ ግን «አስማት አይደለም። ጎንደር ስድሳ ተማሪ ፊት በውድ ጠርሙስ የማሳየው ይህንኑ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር አይዋሽም፤ የሚዋሸው የሚያየው ሰው ነው» አሉኝ። አባቴ ሰማያዊውን ጠጣው። ደፋር ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይፈራ ነበር፤ ሐኪም።

ያ የኬሚስትሪ መምህር አንድ እንጨት፣ አንድ ጠርሙስና ሁለት ጠብታ ፈራ ቢሉኝ አላምንም።

ሙቀቱ እየመጣ ነው። ከአባቴ ወገን የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህን ለማስፈራራት አልጻፍኩትም። ዋሸሁ፤ ለማስፈራራት ነው።

ዮሳቤጥዎ


ካርቱም፣ ሳጃና፣ ጥር 25 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለዮሳቤጥ፤ እንደምን ከረምሽ።

መነጽሩ ደርሶኛል። በጣም ያሳያል።

ዕቃው ሠርቷል። በማለዳ፣ ግቢው ሳይነሳ። አሮጌ ጋዜጣ አነጠፍኩ። የፖለቲካውን ገጽ ፈልጌ አጣሁት፤ በስፖርቱ ገጽ ተጠቀምኩ፣ ሂላልና መሪኽ ይቅር ይበሉኝ። እንጨቱን ወጋ ወጋ አደረግሁ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ከተትኩ፣ ነቀነቅሁ። ከጎንደር ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ልንገርሽ፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። ነጭ ጋዋን የለበስኩ መሰለኝ። አንጠባጠብኩ። ጠበቅሁ። የእጅ ሰዓቴን ከተማሪዎቹ ፊት እንደማደርገው አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

ዘንድሮ ብርዱ ቶሎ ወጣ። ባለፈው ሳምንት አቧራ ነፈሰ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጥርሳችን ውስጥ ይንኮሻኮሽ ነበር። ዕቃው ሙቀት አግኝቶት ሊሆን ይችላል። ፍስሐ መኪና ውስጥ አቆይቶት እንደሆነስ ማን ያውቃል።

የኦመር ካልሲ ተቀደደ። ሀዋ ስኳሩን መልሳለች።

ሌላ ምንም አትላኪ።

ፍቅሬ


ሊድስ፣ የካቲት 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» የለበትም። መጻፍ ከጀመርን ጀምሮ ያልነበረበት ደብዳቤ ይህ ብቻ ነው። ሳጥን ውስጥ ያኖርኳቸውን አውጥቼ አየኋቸው፤ ሁሉም ላይ አለ።

የፋርማሲውን ሰው ጠየቅሁት። ሙቀት ደሙን ያበላሸዋል፣ መስመር ያጠፋል አለኝ። የሌለ መስመር አያመጣም።

ሁለት መስመር ማለት ያ በሽታ አለ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ሁለት መስመር ማለት «ገብታችሁ እዩ» ማለት ነው። አባቴን ገብቶ ያየው ሰው የለም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። በስልክ አልጠይቅም፣ ግቢው ይሰማል። ስንት መስመር ነው?

ዮሳቤጥ


ካርቱም፣ ሳጃና፣ መጋቢት 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮሳቤጥ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃ ሽማግሌ ላንበረከከች፤

ሁለት ነው።

ጥርም ላይ ሁለት ነበር። አየሁት። መነጽሬን አወለቅሁ። ያለ መነጽርም ሁለት ነበር።

ያን መስመሮቹ የወጡበትን ነጭ ላስቲክ መጣልም ማስቀመጥም አቃተኝ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ፍራሼ ሥር አኖርኩት። ማታ ማታ እተኛበታለሁ። ማንም ካላየው የለም፤ እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያስባል? ያስባል። ደብዳቤሽ ሲደርስ ያን ቀን አወጣሁትና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ ሥር ቀበርኩት።

የሀዋን ፍየል ረስቼ።

ዓርብ ነበር፣ ሁሉም ቤቱ ነው። ፍየሏ ጋዜጣውን እያኘከች ግቢው መሃል ወጣች። ሀዋ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አባረረቻት፣ ከአፏ ነጠቀች። ጋዜጣው ተቀደደና ላስቲኩ እጇ ላይ ቀረ። ወደ ብርሃን አነሳችው። ሁለት መስመር።

ያን የመሰለ እልልታ ሳጃና ሰምታ አታውቅም። «መብሩክ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ!» ብላ ልብስ የምታጥበውን ይመኙሻልን አንገቷን አቀፈቻት። ላስቲኩ የእርግዝና ምርመራ መስሏት ነው፤ ይመኙሻልና ክብሮም ከተጋቡ ጀምሮ ልጅ እንደሚጠብቁ ታውቂያለሽ፤ ግቢው ውስጥ የማይነሳ ወሬ እሱ ብቻ ነው። ክብሮም በሩ ላይ ሰማ። ጣፋጭ ሊገዛ በረረ።

እኔ በመስኮት አያለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዛሬ ደስ ይላቸዋል፣ ነገ ስህተት ነበር ይባላል። ማን ይመረምራል? እንዲህ እያልኩ ቆሜ ሳለሁ ይመኙሻል «የኔ አይደለም» አለች። ግን ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ማን ያውቃል እንደሚል ሰው። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። የሳሙናው አረፋ ቀሚሷ ላይ ቀረ።

ያን አረፋ ካየሁ በኋላ መስኮቱ ጋ መቆም አልቻልኩም። ወጣሁ።

«የኔ ነው» አልኩ።

ፍየሏ እንኳ ማኘኳን አቆመች።

«ያንተ?» አለች ሀዋ።

«የኔ።»

«ሱብሃነላህ» አለ ኦመር፣ ከአልጋው ቀና ብሎ። «በዚህ ዕድሜህ! ማን ናት?»

«ማንም የለችም!»

«ለብቻው አይሆንም፣ ያ ኡስታዝ» አለ ኦመር በጣም በትሕትና።

ምን ላድርግ፤ አስረዳሁ። ጎንደር ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ አድርጌ፣ በዐረብኛ፣ ቃሉን እየዞርኩት። ከአንጀት የሚወጣ… ጠዋት ጠዋት… በእንጨት ጫፍ… ሀዋ እስክትረዳ ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ስትረዳ እጇን አየች። ከዚያ ፍየሏን አየች።

«ፍየሌ!» ብላ ጮኸች፤ ላስቲኩን ወርውራ ወደ ቧንቧው ሮጠች። ቀድማ የሳቀችው ይመኙሻል ናት። እንባዋ እየወረደ፣ ልብስ ማጠቢያው ላይ ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ ሁላችንም። ሀዋ ክንዷን እስከ ክርኗ በሳሙና እየፈተገች ድንገት ቆም አለች።

«የዐይን መድኃኒት!» አለች። «አልሐምዱሊላህ ስስታም ሆንክ!»

ክብሮም አንድ ትሪ ጣፋጭ ተሸክሞ ገባ። ፊታችንን ተራ በተራ አየ። ማን ይንገረው? ይመኙሻል ጠጋ ብላ በጆሮው ነገረችው። ትሪውን እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ። ኦመር ነው የታደገን። «አምጣው፣ ይበላል» አለ። «ኡስታዝ አስቀድሞ አወቀ። ወንድሙ ሳያውቅ ሞተ። ይሄም መብሩክ ነው።» ተሰማን ያውቀው ነበር፤ መጨረሻው ላይ ወደ ሆስፒታል ያደረሰው በእሱ ራክሻ ነው።

በላን። የማር ጣፋጭ በሁለት መስመር ላይ። ጣቴን እየላስኩ አሰብኩ፦ ተሰማም ላይ እንዲህ ግቢ ሙሉ ሰው ቢጮኽበት ኖሮ።

እነሆ ያን ዐረፍተ ነገር ጨረስኩልሽ።

ሀዋ ቅዳሜ ራሷ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። በካሜራ ገብተው ሊያዩ ቀጠሮ ሰጡኝ። እፈራለሁ፣ ዮሲ። ግን ብቻዬን አይደለም የምፈራው፤ ግቢው ሁሉ እየፈራልኝ ነው፤ በጣም ጮኸው ነው የሚፈሩት።

አጎትሽ ፍቅሬ


ሊድስ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

ጋሼ፣ የልቤ፤

የፋሲካን ሰላምታ ከሳቄና ከልቅሶዬ ጋር አዋሕጄ ልኬያለሁ፤ መለየት ካቃተዎ እኔም አልለየሁትም።

ይመኙሻልን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ያን ዕለት ከመስኮቱ ተነሥተው ባይወጡ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለማን እንደምጽፈው አላውቅም።

አንድ ምክር፦ ከምርመራው በፊት አንጀት የሚያጥብ ነገር ያጠጡዎታል። ሙሉ ቀን ከሽንት ቤት አይርቁም። ግቢው ያለው አንድ ሽንት ቤት ነው። ከሀዋ ጋር ይነጋገሩ። እንደ ሁለት መንግሥታት፣ በጊዜ።

ዮሳቤጥዎ


ካርቱም፣ ሳጃና፣ ግንቦት 30 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለዮሳቤጥ ተሰማ፣ በሩቅ ሆና ሽንት ቤት ለምታስተዳድር፤

አስቀድሜ መጨረሻውን ልንገርሽ፣ እንዳትሰቃዪ። ዳንኩ።

አሁን ከመጀመሪያው።

ሀዋ አዋጅ አስነገረች። በዋዜማው ሽንት ቤቱ የኡስታዝ ነው፤ የቸገረው ጎረቤት ይሂድ፣ የቸገራት መስጊዱ አጠገብ ያለችው እህቷ ቤት ትሂድ። ኦመር ራክሻውን ለዚሁ አቁሞ በነፃ አመላለሰ። «በሕይወቴ እንዲህ ተቻኩሎ ራክሻዬ ላይ የተሳፈረ ሰው የለም» ይላል። ክብሮም በባልዲ ውሃ ይሞላልኛል፤ ይመኙሻል በር ውጭ ቆማ «ጋሼ፣ አለህ?» ትለኛለች። «አለሁ» እላለሁ። ትንሽ ቆይታ ደግማ «አለህ?» ትለኛለች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዋልን። በዕድሜዬ ያን ያህል ጊዜ መኖሬን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

ከምግብ ተከልክያለሁ፤ የተፈቀደልኝ ብርሃን የሚያሳልፍ ፈሳሽ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀይ መጠጥ ክልክል ነው የሚልም ነበረ፤ አነበብኩት፣ ለሀዋ መንገር ግን ረሳሁ። ወደ ምሽት ላይ አንድ ማሰሮ ከርከዴ አመጣችልኝ። እዚህ አገር ለታመመ ሰው ከርከዴ ያላመጣ ምን አመጣ ይባላል? ጣቷን ከብርጭቆው ጀርባ አድርጋ «ተመልከት፣ ያሳልፋል!» አለችኝ። ጣቷ ታየኝ። ተጠምቼ ነበር፤ ጭልጥ አደረግሁት። ደገምኩ።

ከዚያ ሽንት ቤት ገባሁ።

ቀይ ነበር።

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። በቃ አልኩ። ተሰማ መጣብኝ፤ ጀብራ፣ ያ በረንዳ፣ በሳሙና የማይለቀው አንሶላ።

«ጋሼ፣ አለህ?»

ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ጋሼ! ሀዋ፣ ኑ፣ ዝም አለ!»

በሩን ኦመር በትከሻው ገፋው። ሀዋ ከኋላው አንገቷን አስግጋ አየች፤ አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ «ከርከዴዬ ነው!» አለች። «ሳይቀንስ ወጣ እኮ!» እኔ ለተማሪ ቀለሙን ሳሳይበት የኖርኩትን ነገር፣ ከርከዴን፣ ራሴ ደም ነው ብዬ ግድግዳ ይዣለሁ። ብርጭቆው አይዋሽም፤ የሚዋሸው የሚያየው ሰው ነው። ሎሚና ሶዳ አምጡ ልላቸው ትንሽ ነው የቀረኝ።

በማግሥቱ ለሐኪሙ አስቀድሜ ተናዘዝኩ። ወጣት ነው፣ ቁጡ ይመስላል። «ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም?» አለኝ። «ተጽፏል» አልኩት። «ማን ነው ያጠጣህ?» በሩ ላይ የቆመችውን ሀዋን አሳየሁት። አያትና ቁጣው ሄደ። «የእኔም እናት ይህንኑ ነው የምታደርገው» አለ። እያጠበ አየ።

ሁለት ትናንሽ የሥጋ እንቡጦች አገኘ። ሽምብራ ያህል። እዚያው ቆርጦ አወጣቸው። ተመርምረው ክፉ ነገር የለባቸውም ተባለ። «አሁን ምንም አይደሉም» አለኝ። «ዓመታት ቢቆዩ ግን ይለወጡ ነበር። በሰዓቱ መጣህ።» ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሼ እታያለሁ። ወረቀቱን ተርጉሜ፣ ማኅተሜን አድርጌ ላክሁልሽ፤ ለዚያች ሐኪምሽ አሳያት። የወንድሜን አንጀት ማንም አላየም። የእኔ ስለ እሱም ይናገር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት በስተርጅና ነው የተማርኩት። ዛሬ ሀዋ በዐረብኛ፣ እኔ በአማርኛ አልን። ስኳሩም በዝቷል።

አጎትሽ ፍቅሬ


ሊድስ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሽ ፍቅሬ፣ ማኅተማቸው አንጀት ለሚከፍት፤

ወረቀቱን ለሐኪሜ ሰጠኋት። አነበበችና ዕድሜዬ ሳይደርስ ቀጠሮ ያዘችልኝ። እኔም ጠጣሁ፣ እኔም ዋልኩበት፤ ሽንት ቤቱ የብቻዬ ነበር፣ በር ላይ ቆሞ «አለሽ?» የሚለኝ ግን አልነበረም። ስለዚህ ይመኙሻል ደወለችልኝ። ክብሮምን ሂሳብ አስሞልታ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ደግማ ደጋግማ። «ዮሲ፣ አለሽ?» «አለሁ።»

ንጹሕ ነኝ። ምንም የለም።

በማግሥቱ ለአሮጊቷ አውቶቡሱ ላይ ነገርኳቸው። ተነሥተው ለተሳፋሪው ሁሉ አወጁ። ተጨበጨበልኝ፤ በሊድስ፣ በዝናብ፣ ለአንጀቴ።

ምን ልላክልዎ? ዘንድሮ የጠየቁኝ መነጽር ብቻ ነው።

ዮሳቤጥዎ


ካርቱም፣ ሳጃና፣ መስከረም 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮሳቤጥ፤ አዲሱ ዓመት በእልልታ ይግባልሽ፣ እኛ ዘንድ ገብቷል።

ምን ልላክ ላልሽው፦ ያን ሳጥን። አንዱ ለኦመር ነው፤ ስልሳ ሊሞላው ነው፣ «እኔስ ካልሲ ይሻለኛል» እያለ ይሸሻል። ሌላው ለሀዋ። የሴት ነው ብለሽ ጻፊበት፣ እንዳትቀየመኝ።

አሁን ትናንት የሆነውን ልንገርሽ። ዓርብ ነው፣ ሁላችንም ግቢ ውስጥ ነን። ይመኙሻል ከክፍሏ ወጣች። እጇ ላይ ነጭ ላስቲክ ይዛለች። ምንም ሳትናገር ለሀዋ ሰጠቻት።

ሁለት መስመር።

ሀዋ እልል አላለችም። አንዴ የተቃጠለች ናት። ፊቷ ጠቆረ፤ መጎናጸፊያ ቶቧን ከገመዱ ላይ ጎትታ ተጠቀለለች። «ኦመር! ራክሻውን አስነሳ! ያላ፣ ወደ አንጀት ሐኪሙ! ልጄ፣ አትፍሪ፣ ሽምብራ ያህል ነው፣ ይቆረጣል!»

«ሀዋ፣ ይሄኛው እኮ የሽንት ነው» አለች ይመኙሻል።

ሀዋ ቆመች። ላስቲኩን አገላብጣ አየችው። በዓይኗ ፍየሏን ፈለገች፤ ታስራለች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«ኡስታዝ፣ አንተ አንብበው። የየትኛው ነው?»

መነጽሬን አጠለቅሁ። የላክሽልኝን፣ ጠንካራውን። ይመኙሻል ካርቶኑን ሰጠችኝ። ክብሮም ትንፋሹን ይዞ ቆሟል፤ አንድ እግሩ በሩ ውጭ ነው፣ ለጣፋጩ። መስመሮቹን አየሁ። መነጽሬን አወለቅሁ። ያለ መነጽርም ሁለት ናቸው።

«የልጅ ነው» አልኩ።

እልልታው እዚያ ድረስ ካልተሰማሽ አውቶቡስሽ ብዙ ይጮኻል ማለት ነው።

ሴት ከሆነች ስሟን እኔ እንዳወጣ ፈቅደውልኛል። አስቤዋለሁ፣ ገና አልነገርኳቸውም። የጥያቄ ስም ነው፤ በር ላይ ቆሞ ሰውን «አለህ?»፣ በስልክም «አለሽ?» የሚል።

ለጤናዬ እንደምን እንዳለሁ አምና ጠይቀሽኝ ነበር። ዛሬ የምመልሰው ለወጉ አይደለም።

ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ፍቅሬ